መኪናው ገባ፤ ሶኬቱስ?

የቤታችን መኪና በሳምንት ሁለቴ ውጭ ታድራለች። አትሳቁ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ አባታችን አጎታችን ግቢ ወስደው ያቆሟታል፤ በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰኳታል፤ ከዚያ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ በሚኒባስ ሄደው ያመጧታል። ከቤንዚን ተገላገልን ያለ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪናውን ለማሳደር ጥቁር ጭስ በሚተፋ ታክሲ ይመላለሳል። ለዚህ ስም ያለው ያውጣለት።

እናንተ ደግሞ «አላልንም? ይሄ ነገር ለዚህ አገር አይሆንም!» ለማለት አትቸኩሉ። ከእናንተም ጋር ጸብ አለን። እንመጣለን ወደ እናንተ።

በመጀመሪያ እዚህ እንዴት እንደደረስን። ቤታችን ውስጥ 11 ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ነበረች። ትንሹ ወንድማችን ፊደል የቆጠረው እሷ የኋላ ወንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በር የዘጋ አገር አልነበረም። ኖርዌይ እንኳ ሕዝቧን በታክስ ገፋፋች እንጂ አልከለከለችም። የተሰጠው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዛችን ይመነጫል። ስሌቱ ልክ ነው። ይህንን የምንለው ለመንግሥት ለማጎብደድ አይደለም፤ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። አባታችን አንድ ሌሊት ማደያ ተሰልፈው መኪና ውስጥ አደሩና ጠዋት አንገታቸው አልዞር ብሎ ቤት ሲገቡ «በቃኝ!» አሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ቪትዟ በአዲስ አበባ መጨናነቅ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ ከ800 ብር በላይ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ፣ ሲሞላ የሚባክነውም ተጨምሮ፣ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃታል። ለጥንቃቄ ብለን ዋጋውን አጋነንን፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ነው እንበል አልን። 150 ብር! አባታችን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እናታችን ብቻ «አሁን የምትሸጡት መኪና እንዳይመስላችሁ፤ ተቀማጫችንን ነው» አሉ። ሳንሰማቸው ቪትዟን ሸጥን፣ ዕቁብ ጨመርን፣ ከዘመድ ተበደርን፤ 38 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት ትንሽ የቻይና መኪና ገዛን።

መኪናዋን አንወቅሳትም። ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ዘይት ለውጡልኝ፣ ካንዴላ ቀይሩልኝ አትልም። ጉዱ ያለው እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ወንድሞቻችን ከበረንዳ ላይ 30 ሜትር ኤክስቴንሽን ለቀቁ። የተረፈውን ገመድ እንደተጠቀለለ ትተውት ተኙ። (ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህንን ሲያነብ ጭንቅላቱን ይዟል።) ቀጭን ገመድ ተጠቅልሎ ለሰዓታት ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከታች ያሉት እትዬ በራችንን ደበደቡ፦ «ልጆች፣ ፕላስቲክ ይሸታል!» ማያያዣው ቀልጦ ነበር። በማግስቱ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ መጡና «ልጆቼ፣ እሳት ቢነሳ 30 አባወራ ነው የሚቃጠለው» ብለው ከለከሉን። እኝህን ሰው በክፉ አናነሳቸውም። ልክ ነበሩ።

እንግዲያው በሕግ እንሂድ ተባለ። መኪና ማቆሚያው ላይ የራሳችንን ቆጣሪ እናስገባ፣ ገመዱም እንደ ወጉ በመሬት ውስጥ ይቀበር ብለን አመለከትን። የተላክንበት ቢሮ ቆጣሪ የሚሰጠው ለቤት ቁጥር ነው አለን። መኪና ማቆሚያ የቤት ቁጥር የለውም። ወደ ኮሚቴው ተመለስን፤ ኮሚቴው ግቢው የሁሉም ነውና ሁሉም ይስማማ አለ። ለነገሩ እሱም ከሕግ ውጭ አልተናገረም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ግቢውን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን የጋራ ንብረት አድርጎ ለባለቤቶች ማኅበር አስተዳደር ሰጥቶታል። ያኔ መሰኪያ ያለው መኪና ይመጣል ብሎ ማን አሰበ? ማንም። ጥያቄው ግን ከ1995 በኋላ 21 ዓመት ቆይቶ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ የወሰነው ሰው ለምን አላሰበም የሚል ነው።

እኛ መልሱን የምናውቀው ይመስለናል። የወሰነው ሰው ግቢ አለው። አጥር፣ በር፣ ጥበቃ፣ የራሱ ቆጣሪ አለው። ማታ ገብቶ ይሰካል፣ ጠዋት ነቅሎ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ሱር ታክስንና ኤክሳይስን ሲያነሳ፣ ያ ሁሉ ምሕረት የተደረገው ለመኪናው ነው። ለገመዱ ምንም አልተደረገም። ግቢ ላለው ገመድ ችግር አይደለምና! ኮንዶሚኒየም የሚኖር አስተማሪ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ከአከራዩ ጋር በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ባለ ራይድ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበሩም። በነገራችን ላይ የጋራ ቆጣሪ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ የመብራት ታሪፋችን ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ዋጋው በእርከን የሚጨምር ነው። ተከራዩ መኪናውን ሲሰካ የአከራዩም የፍሪጅ ሒሳብ አብሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸብ እናንተው ገምቱት።

«መብራቱ አይችልም» የሚል መልስ በየሄድንበት ሰምተናል። እስቲ ስለ ምጣድ እናውራ። የእንጀራ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ይስባል። የእኛ መኪና በቀርፋፋው ገመዷ የምትስበው 2 ኪሎዋት አካባቢ ነው። አዎ፣ መኪናዋ ከምጣድ ታንሳለች! ቅዳሜ ጠዋት ብሎካችን ውስጥ ግማሹ ቤት እንጀራ ሲጋግር ችሎ የሚያድር ሕንፃ፣ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ምጣዱ ሁሉ ቀዝቅዞ ሳለ አምስት መኪና ይከብደዋል ብሎ ነገር የለም። ከኤክስቴንሽን ይልቅ ወፍራም ገመድ፣ ብሬከርና ለየመኪናው ትንሽ ቆጣሪ ቢኖር የቀለጠው ማያያዣ አይቀልጥም ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያንን ኃይል ከጉባ አምጥተን የመጨረሻዋን 20 ሜትር ከብሎኩ ግድግዳ እስከ መኪና ማቆሚያው መዘርጋት ያቃተን እኛ ነን።

ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ እየተከፈተ ነው ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ ላይ ከፍቷል፤ ሌሎችም አሉ፤ ሩቅ መንገድ ለሚሄድ ወሳኝ ነው። አያታችን ያሉት ደብረ ብርሃን ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር፣ እሱም ዳገት። ለደርሶ መልሱ ባትሪው እንዳያልቅብን ሆዳችን እየተሸበረ ነው የምንሄደው። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ጣቢያ መፍትሔ ነው ማለት የማደያን ሰልፍ በሌላ ስም መመለስ ነው። የዚህ መኪና ጥቅሙ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መሙላቱ ላይ ነው። 10 ሰዓት ያህል ቆማ የምታድር መኪና አጠገቧ ግድግዳ እያለ ሶኬት ካላገኘች፣ ለደሃው ቤተሰብ ከጥቅሙ ግማሹ ሄደ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ስልካችሁ ላይ በ«ቻርጅ አልቆበት የሚገፋ መኪና» ቪዲዮ የምትዝናኑት። «መብራት በሚጠፋበት አገር!» ትላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ማደያውም ያለ ጄኔሬተር አይቀዳም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሒሳቡ በስልክ ስለሚከፈል ቤንዚን ቢኖርም አይቀዳላችሁም። እኛ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የምንሞላው፤ አንዱ ሌሊት ቢጠፋ በሌላው እንሞላለን። ቀልዳችሁ የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ አስባችሁት ታውቃላችሁ? መንግሥት «ሕዝቡ አልገባውም» ይላል፤ እናንተ «አይሆንም» ትላላችሁ፤ በመሃል «ሶኬቱ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ከመካከላችሁ አንድ ቁም ነገር ያነሱ ግን አሉ፤ ገና ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አምፖል ሳይኖረው ስለ መኪና ቻርጅ ማውራት ነውር አይደለም ወይ የሚሉ። ይህ ያሳፍረናል፤ ማሳፈርም አለበት። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ቤንዚን የሚወጣው ዶላር ትራንስፎርመርና ምሰሶ ቢገዛበት ገጠር መብራት ይገባል እንጂ አይቀርም።

የእናታችን ነገር ግን ያሸንፈናል። እዚህ አገር መኪና ቁጠባ ነው፤ ባንክ ያስቀመጥከውን ብር የዋጋ ንረት ሲበላው መኪና ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረች ቪትዝ ዛሬ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራለች፤ ምክንያቱም እሷን የምትተካ አትገባም። ክልከላው ያረጀውን የቤንዚን መኪና ወርቅ አደረገው! የኤሌክትሪኳ ግን በየዓመቱ የተሻለ ባትሪ ያላት እህት እየመጣችባት፣ የባትሪዋን ጤንነት መርምሮ ወረቀት የሚሰጥ በቅርብ ሳይኖር፣ ገዢው በግምት ነው ዋጋ የሚሰብረው። ስለዚህ መንግሥት የሚለውን ሰምቶ ቀድሞ የቀየረው ቤተሰብ ከሰረ፤ አሮጌውን ይዞ የተቀመጠው አተረፈ። ይህ እንዲሆን የፈለገ ያለ አይመስለንም። ግን ሆነ።

ቀላል ባቡሩን አስታውሱ። መስከረም 2008 ሲመረቅ ሁላችንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰን ለመሳፈር ተጋፍተናል። እሱም በኤሌክትሪክ ነው፤ እሱም ሥልጣኔ ነው ተብሎ ነበር። 41 ባቡሮች ተገዝተው ከዓመታት በኋላ የሚንቀሳቀሱት ጥቂቶቹ ብቻ ሆኑ፤ የጎደለው መለዋወጫ ነበር። ዕቃውን ገዝቶ ዕቃውን የሚያኖረውን መርሳት የቆየ በሽታችን ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖቹም ከ100 ሺህ በላይ ደርሰዋል ይባላል። ስንቶቹ እንደ እኛዋ ሌላ ሰው ግቢ ያድሩ ይሆን?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ማቆሚያ ቦታ ቆጣሪ ይፈቀድለት፤ የቤት ቁጥር ባይኖረውም። አንድ ነዋሪ በራሱ ወጪ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሲያሠራ ኮሚቴው የሚጠይቀው ስለ ደኅንነት ይሁን እንጂ «ሁሉም ይስማማ» አይሁን። ከዛሬ በኋላ የሚሠራ የመኖሪያ ሕንፃ ሁሉ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ወደ ማቆሚያው የገመድ ቱቦ ይቀበርለት። ቱቦ ርካሽ ነው፤ ኮንክሪት መስበር ነው ውዱ። ባትሪ የሚመረምርና ውጤቱን የሚያጸድቅ አካልም ይኑር፤ የእናቶቻችን ቁጠባ በግምት አይሸጥ።

ማመልከቻችንን ለሦስተኛ ጊዜ ጽፈን ለብሎኩ ኮሚቴ አስገብተናል። በዚህኛው የምጣዱን ሒሳብ ጨምረንበታል። ሰብሳቢው አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው «እውነት ከምጣድ ታንሳለች?» አሉን። ታንሳለች አልናቸው። «እሑድ ስብሰባ አለ፣ ኑና አስረዱ» አሉ። እስከዚያው ዛሬ ዓርብ ነው፤ አባታችን የታክሲ ሳንቲም እየቆጠሩ ነው።