ርካሽ መንኮራኩር የትኛው ነው?

ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አባያና ስለ ጫሞ ውበት፣ ስለ እናት ፍቅር በሚጽፉበት መጽሔት ውስጥ እኔ ስለ ብስክሌት መንኮራኩር ለመጻፍ መነሣቴ ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው በደንብ ሊናገር የሚችለው ዋጋ ስለ ከፈለበት ነገር ነውና፣ እኔም የአባቴን የሁለት ጋቢ ዋጋ ካጠፋሁበት፣ አንዲት እናትንም ለጥቂት ከመግጨት ከዳንሁበት ጉዳይ የበለጠ የምጽፈው ቁም ነገር አላገኘሁም።

ከሁሉ አስቀድሞ መንኮራኩር ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልግለጽ። መንኮራኩር ማለት ክቡ ቸርኬ፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች፣ በመካከልም ኩሽኔታ ያለበት እምብርት በአንድነት ሲሆኑ ነው። ካላማዳሪውና ጎማው በላዩ የሚለበሱ ናቸውና የእነርሱ ነገር ሌላ ነው።

እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ። አባቴ ሸማኔ ናቸው፤ እናቴም ጥጥ ይፈትላሉ። ለትምህርት ስል ሲቀላ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ቅዳሜ ብስክሌቴን በመኪና አስጭኜ ወደ ቤተ ሰቦቼ እወጣለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተቀምጬበት እወርዳለሁ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን የጨንቻ ተራራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ሁላችንም ተምረነዋል። እንግዲህ ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እወርዳለሁ ማለት ነው። ብስክሌቱን ዐምና የላከልኝ ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚተዳደረው የአጎቴ ልጅ ነው። የአስፋልት ብስክሌት ነው፤ ፍሬኑም ዲስክ ነው። ይኸውም እንደ ድሮው ቸርኬውን በላስቲክ ጨብጦ በማቆም ፈንታ፣ ከእምብርቱ ጋር የታሰረ ስስ የብረት ሰሐን ይዞ ያቆማል ማለት ነው።

በታኅሣሥ ወር የፊተኛው መንኮራኩር ጉድጓድ ገብቶ ቸርኬው ተሰነጠቀ። ጎማው ላይ 28-622 የሚል ጽሑፍ ነበር። እኔ ችኩሉ 28 የሚለውን ብቻ አንብቤ፣ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ለአንድ የሰፈራችን ሰው «28 ቁጥር የፊት መንኮራኩር ግዛልኝ» ብዬ የአባቴን ገንዘብ ሰጠሁት። እርሱም በታማኝነት ገዝቶ በአውቶቡስ አመጣልኝ። ከነጎማው ላስገባው ስል ከሹካው ውስጥ አልገባ አለ፤ የራሴን ጎማ ላለብሰው ብሞክርም ጠበበው፤ ዲስኩም የሚታሰርበት ቦታ ከቶ አልነበረውም።

ነጋዴው አላታለለኝም፤ የጠየቅሁትን ሰጠኝ። በእኔ ጎማ ላይ 28 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። በገበያ ላይ 28 የሚባለው ግን የመንኮራኩሩ ቁመት በኢንች ሲሆን፣ በዚያ ስም የሚጠሩት የቆዩት ከባዶቹ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች ናቸው። የእነርሱ ጎማ የሚያርፍበት ቸርኬ 635 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔ ደግሞ 622። የ13 ሚሊሜትር ልዩነት የአባቴን ሁለት ጋቢ በላ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ መንኮራኩር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከስሙ ይልቅ በጎማው ጎን የተጻፈውን የመጨረሻውን ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር ይያዝ።

ሁለተኛው ስህተቴ ከፊተኛው የከፋ ነበር። ለአባቴ ሌላ ገንዘብ ስጡኝ ማለት አፈርሁ። አንድ ጓደኛዬ ከአሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት የተረፈ 622 መንኮራኩር ነበረውና በጥቂት ብር ሸጠልኝ። ልኩ ልክ ነው፤ ነገር ግን የላስቲክ ፍሬን ዘመን ስለ ነበረ የዲስክ መታሰሪያ የለውም። ብዙዎች «የኋላው ፍሬን ይበቃሃል» አሉኝ። እኔም አመንኋቸው። በሲቀላ ሜዳ ላይ በእርግጥ በቃኝ።

እሑድ ዕለት ከዶርዜ ስወርድ ግን ዝናብ ጥሎ ነበር። ከአንድ ጥምዝ ላይ ስደርስ እንጨት የተሸከሙ እናት መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። የኋላውን ፍሬን ጨበጥሁ፤ ጎማው መሽከርከሩን ቢያቆምም ብስክሌቱ ግን አልቆመም፤ እየተንሸራተተ ወደ እርሳቸው ሄደ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝምና ራሴን ወደ ቦዩ ጣልሁ። እኒያ እናት ከድንጋጤ የተነሣ ሸክማቸውን ጥለው ወደ እኔ መጡና በቋንቋችን «ልጄ፣ ተጎዳህ ወይ?» አሉኝ። አልተቈጡኝም። የተበተነውን እንጨት አብረን ስንለቅም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢቈጡኝ ኖሮ ይህን ያህል ባላፈርሁ ነበር።

ነገሩ የፊዚክስ ነገር ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው የፊተኛው ጎማ ነው፤ የኋላው ይቀልና ይንሸራተታል። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬ በፈተና ጽፌዋለሁ፤ ማርክም አግኝቼበታለሁ፤ ነገር ግን ከቦዩ ውስጥ እስክገባ ድረስ አላወቅሁትም ነበር።

በማግሥቱ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድሁ። «ጋሼ፣ እባክዎ ምን ይሻለኛል?» ብላቸው ሦስት ነገር ለኩልኝ፤ የቸርኬውን ልክ፣ ከሹካው ጋር የሚታሰርበትን ዘንግ ውፍረት፣ የዲስኩን አስተሳሰር። ከዚያም ከጓዳቸው የተራራ ብስክሌት መንኮራኩር አወጡ። «ይህ 29 ይባላል» አሉኝ። እኔ ግን ያለፈው አስተምሮኝ ስለ ነበር፣ «29 ለእኔ አይሆንም፤ የእኔ 28 ነው» አልሁ። ሳቁና ጎማውን አሳዩኝ፤ ከጎኑ ላይ 622 የሚል ተጽፎበታል።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውምና በደንብ ልድገመው። 29 የሚባለው የተራራ ብስክሌት ቸርኬና የአስፋልት ብስክሌት ቸርኬ ልካቸው አንድ ነው። 27.5 የሚባለው ግን 584፣ 26 የሚባለውም 559 ስለሆኑ አይሆኑም። የዲስክ ፍሬን ያላቸው የተራራ ብስክሌቶች በአገራችን ከአስፋልቶቹ ይልቅ ብዙ ናቸውና፣ ያገለገለ መንኮራኩራቸው በቀላሉ ይገኛል። የእኔ ባለ 32 ሽቦ ነው፤ ዲስኩ በስድስት ቡሎን ይታሰራል፤ ዋጋውም አዲስ አበባ ካስገዛሁት ከግማሽ በታች ነበር።

ነገር ግን ማንም ሰው ይህን አንብቦ ያገኘውን 29 እንዳይገዛ አስጠነቅቃለሁ። የእኔ ብስክሌት በእጅ የሚጠብቅ ቀጭን ዘንግ ያለው ነው። የአዳዲሶቹ የአስፋልት ብስክሌቶች ዘንግ ግን 12 ሚሊሜትር ሆኖ በእምብርቱ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን፣ የተራራዎቹ የፊት ዘንግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ሚሊሜትር ነው። ዲስኩም ቢሆን በስድስት ቡሎን የሚታሰር አለ፤ በጥርሳም ቀለበት የሚጠብቅም አለ። ለኋላ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ጥርሶቹ እንዴት እንደሚገጠሙ መታየት አለበት፤ በርካሾቹ ላይ ጥርሱ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ ስለሚገባ፣ የአስፋልት ብስክሌት ጥርስ አይቀበሉም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ከጓደኞቼ መካከል «መንኮራኩር ከተገዛ አይቀር ወፍራም ጎን ያለው፣ የሚያብረቀርቅ የካርቦን ይሁን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የካርቦኑ ይቀላል፤ ያምራልም። ነገር ግን የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥቂት ሲጣመም ሽቦው ተጠብቆና ላልቶ ይቃናል፤ ካርቦን ከተሰነጠቀ ግን በእኛ ከተማ የሚያድነው የለም። ሽቦውም ልዩ ዓይነት ከሆነ ምትኩን ከወዴት እናመጣለን? ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ወላጆቻችን በየሱቁ አይተውታል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ እንዲህ ሲወደድ፣ እዚሁ የሚጠገን ዕቃ መምረጥ ብልህነት ነው።

ወላጆች ደግሞ «የድሮ ሰው ያለ ዲስክ ይነዳ አልነበረምን?» ይላሉ። ይህም ክርክር ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ የተወዳደሩት ያለ ዲስክ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆንም፣ በዚያ ደረጃ ዲስክ ገና በሙሉ አልተፈቀደም ነበር፤ የተፈቀደው በ2010 ዓ.ም. ነው። እኔም የላስቲክ ፍሬንን አልንቅም። በደንብ ከተያዘ ያቆማል፤ ምንም እንኳ በረጅም ቁልቁለት ቸርኬውን እያጋለ ካላማዳሪ ሊያፈነዳ ቢችልም፣ በዝናብም ቢደክም። እኔ የምቃወመው አንዱንም ሳይይዙ መውረድን ነው። ለዲስክ የተሠራ ሹካ ብዙውን ጊዜ የላስቲክ ፍሬን መግጠሚያ የለውምና፣ ዲስክ የማይቀበል መንኮራኩር የሚያስገባበት ሰው የፊቱን ፍሬን ጨርሶ ይጥላል። ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያተረፈው ከሌላ ሰው ሕይወት ላይ ነው። በመንገዳችን ላይ እንጨት፣ እንሰትና ሙዝ የተሸከሙ ሰዎች እንዳሉ አይዘንጋ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአባቴ ተማርሁ። አዲሱን መንኮራኩር ባሳየኋቸው ጊዜ ስለ ሁለቱ ጋቢ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ሽቦዎቹን በጣታቸው እየነካኩ «ለምን ይጠላለፋሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ዲስኩ እምብርቱን ይዞ ሲያቆም ኃይሉ ወደ ቸርኬው የሚደርሰው በሽቦዎቹ በኩል ስለሆነ፣ ቀጥ ብለው ቢሠሩ እንደማይችሉት፣ ተጠላልፈው ግን እንደሚችሉት ገለጽሁላቸው። እርሳቸውም «እንግዲያውስ ድርና ማግ ነው፤ አንዱ ክር ከላላ ጨርቁ ሁሉ ይበላሻል» አሉ። ከዚያም ጎሚስታው እንዳደረጉት ጥንድ ጥንዱን እየጨበጡ የላላ ፈለጉ፤ አንድ አገኙ! እኔ በጭራሽ አላየሁትም ነበር።

ያገለገለ መንኮራኩር የሚገዛ ሰው እንዲሁ ያድርግ። አሽከርክሮ ይመልከት፤ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ይጠንቀቅ። ሽቦዎቹን ይጨብጥ። ዘንጉን ይዞ ይነቅንቅ፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሽቦ በገባበት የቸርኬው ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ይፈልግ። ዲስኩ ስለት እስኪመስል ከሳሳም ይለወጥ። የዲስክ መንኮራኩር አንድ ትልቅ በረከት አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ስለማይበላው፣ በደንብ የተያዘ አሮጌ ከአዲስ ብዙም አያንስም።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ብዙ ተማሪዎች ከሼቻ፣ ከላንቴና ከሌላም ስፍራ በብስክሌት እንመጣለን፤ ስንጎዳ ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን እንሳሳታለን። የሽቦ መፍቻ፣ ማንፊያና የብረት ሜትር የያዘ አንድ ሣጥን፣ የየብስክሌቱ ልክ የሚጻፍበት አንድ ደብተር፣ በሳምንት አንድ ቀንም አንድ ሰዓት ቢኖረን፣ ፊዚክሳችንን በእጃችን እንማረው ነበር። የሚያስተምሩን ጎሚስታ ከተገኙ፣ የመጀመሪያው ተማሪ እኔ እሆናለሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ርካሽ መንኮራኩር የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ለብስክሌታችሁ ልክ የሆነ፣ ፍሬናችሁን የሚቀበል፣ ሲጎዳም በሰፈራችሁ የሚጠገን እርሱ ርካሽ ነው። ከዚህ አንዱ የጎደለው በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ ውድ ነው። ያ የ28 መንኮራኩር ዛሬም ከቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አባቴ ሊሸጡት አስበው ነበር፤ እኔ ግን እስክመረቅ ድረስ እንዲቆይ ለምኛቸዋለሁ።