ወደ ቤቱ የተመለሰው በሽተኛ

በ1988 ዓ/ም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሐርጌሳ ከተማ በመድፍና በአውሮፕላን ተደብድባ መፍረሷ የሚታወቅ ነው። ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ ከተሠሩት መልካም ሥራዎች አንዱና ምናልባትም የሚበልጠው፥ ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኤል የጡረታቸውንና ያጠራቀሙትን ገንዘብ አፍስሰው በ2002 ዓ/ም የከፈቱት የወላዶች ሐኪም ቤት ነው። መሬቱን መንግሥት ሰጠ፤ ስፍራው ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሐኪም ቤቱ ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ አዋላጆችንም ያሠለጥናል።

ወደዚህ ዓለም የሚመጣውን የሚቀበል እንዲህ ያለ ቤት ያቆመች ከተማ፥ ከዚህ ዓለም የሚለየውንስ እንዴት ታሰናብተው?

ካንሰር ሥር የሰደደበትን ሰው ሐኪሙ «ወደ ቤትህ ግባ» ሲለው ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽኑው ሕመም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ዘመድ ግመሉንና በጉን ሸጦ ወደ ውጭ አገር ሊወስደው ይነሣል፤ ገንዘቡ ያልቃል፥ በሽተኛው ከወገኑ ርቆ ይሞታል፥ ለልጆቹም ዕዳ ይተርፋል። ነጋዴዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ አበዳሪዎቹ እነርሱ ናቸውና።

ሆስፒስ የሚባለው ሥራ የተደራጀው ለዚህ ሰዓት ነው። በ1967 ዓ/ም በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈቱት ዶክቶር ሲስሊ ሳንደርስ ያስተማሩት ዋና ነገር፥ ሕመም እስኪበረታ ሳይጠበቅ ማስታገሻው በተወሰነለት ሰዓት አዘውትሮ እንዲሰጥ ነው።

«የራስን ሰው ለባዳ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች እውነት አላቸው። ሆስፒስ ግን የግድ ሕንፃ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2003 ዓ/ም የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አስታማሚዎቹን በሽተኛው ወደተኛበት ቤት ይልካል። በሐርጌሳም እንዲሁ ቢሆን፥ ያሲን የሚቀራለት በገዛ ቤቱ፥ ውሃ የምታጠጣውም የገዛ ልጁ ትሆናለች፤ የሚጨመረው መድኃኒቱና ዕውቀቱ ብቻ ነው።

መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ዶክቶር አን ሜሪማን በ1993 ዓ/ም በኡጋንዳ ሆስፒስ ሲያቋቁሙ፥ የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ እንዲሰጥ አደረጉ። በ2004 ዓ/ምም የኡጋንዳ መንግሥት በዚህ ሙያ የሠለጠኑ አስታማሚዎች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደ። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ሹማምንት ይደርሳል። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ተብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ሆኖም መድኃኒቱን ከቁጥጥር በታች ያዋለው የ1961 ዓ/ም ዓለም አቀፍ ውል ራሱ፥ ሥቃይን ለማስታገስ ፈጽሞ አስፈላጊ መሆኑን በመግቢያው ይናገራል። ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ጎተራውን የሚጠብቀው ሌባ እንዳይገባ እንጂ ባለቤቱ እንዲራብ አይደለም።

ነጋዴው በበኩሉ ከዘካው ለድኃ በሽተኛ የሚገባውን ከፍሎ ቢሰጥ፥ ለሥራው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ሁለት የሠለጠኑ አስታማሚዎች፥ አንድ መኪና ከነነዳጁ፥ አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና አንድ የመዝገብ ደብተር። መኪናው የሚገኝ ነገር ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዲሆን፥ መዝገቡንም ማን እንዲመረምር የሚወስነው ግን ሹሙ ነው።