ጀልባው በመረብ ከሞላ ዓሣው የት ይጫናል?

የሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን በመረብ ብቻ ሞልቶ ሐይቅ አይወጣም። ኮድ የሚጽፈው የከተማዋ ወጣት ግን የኤአይ ኤጀንት ሲይዝ የሚነገረው «ይህንንም ፕለጊን ጨምር» ነው።

ኤጀንቱ ፋይል ካነበበ፣ ከጻፈ፣ ካረመና ትእዛዝ ካስኬደ አብዛኛው ሥራ ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚሰካው መሣሪያ መግለጫው አብዛኛውን ጊዜ ከየጥያቄው ጋር ለሞዴሉ ይላካል። ለኮዱ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል፣ ቶከንም ይበላል። ቶከን ደግሞ በዶላር ነው፤ የዶላር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ማንም ያውቃል።

ብዙ ሠራተኛ ያለው ባንክ የፈቃድና የቁጥጥር መሣሪያ ቢደራርብ ያስኬዳል። ለአንድ ላፕቶፕ ግን ትርፉ ወጪ ነው። ወጣቱ ይልቅ ጊትን ጠንቅቆ ይወቅ፤ ኤጀንቱ የጻፈውንም መስመር በመስመር ያንብብ። ያልገባውን ኮድ የሚያስረዳለት የፕለጊን ብዛት አይደለም።