ቦቴ ያባረራቸው ልጆች

ዛሬ ራሴን ልከስ ነው።

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ ማስታወሻ የምለቅበት የቴሌግራም ቻናል እንዳለኝ ታውቃላችሁ። አባላቱ ከ400 በላይ ናቸው፣ አንድ ፖስት የሚያየው ግን መቶ ምናምን ሰው ነው። ይሄ ነገር ያበሽቀኝ ነበር። ክረምቱን ከዩቲዩብ ፓይተን ለቃቅሜ፣ ከቦትፋዘር ቶክን አውጥቼ፣ ማን አለ ማን የለም የሚለይ ቦት ሠራሁ።

ለማታውቁት፣ ቴሌግራም የቻናል አባላትን ዝርዝር ለቦት አይሰጥም። ማን መቼ ኦንላይን እንደነበረም አይነግረውም። እኔ ግን መስከረም ላይ ቻናሉን እንደ አዲስ ስከፍት የመግቢያ ጥያቄውን የሚያጸድቀው ቦቱ ስለነበር ሁሉንም መዝግቦ ይዟቸዋል። አንድ ማክሰኞ «አለሁ» የሚል በተን ያለው ፖስት ለቀቅኩ። እስከ ሐሙስ ማታ ያልነካ ይወጣል። 130 ገደማ ነኩ፣ የቀሩትን ቦቱ ጠራርጎ አስወጣቸው። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ሰኞ ጠዋት አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ስታፍ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ምን አጥፍቼ ነው ያስወጡኝ?» ስልክ የላትም። ወንድሟ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ሲመጣ በሱ ስልክ ትከፍትና ማስታወሻውን ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ከሷ ደግሞ አራት ጓደኞቿ ይገለብጣሉ። ደብተሩን አሳየችኝ። እኔ የሳትኩትን የመቀነስ ምልክት ሳይቀር አርማዋለች።

«አለሁ»ን በደቂቃ ውስጥ የነካው ጎረምሳ ግን ከዚያው ማስታወሻ ያወጣሁትን የቴስት ጥያቄ ባዶውን ነው ያስረከበኝ።

«ኢንአክቲቭ አባላትን እናጸዳለን» የምትሉ የቻናል ባለቤቶች፣ በተለይ መምህራን፣ እስቲ ምኑን ነው የምናጸዳው? ቻናል የአባል ጣሪያ የለውም፣ ዝም ያለ ሰው ቦታ አያጣብብም። ፋይሉ አንዴ ወርዶ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቴሌግራም የት ያውቃል? እኔ ያጸዳሁት ቁጥሩ ስላሳፈረኝ ነው። ቻናል ያለው ባልደረባዬ ሲስቅብኝ ነበር የከረመው።

«ታዲያ ማን እንደሚከታተል በምን ይታወቅ?» ትሉኝ ይሆናል። ደብተር በማየት ነዋ! 60 ልጅ ባለበት ክፍል አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ቦት የሠራሁትም ከዚያ ለመሸሽ ነው።

አሁን ችግሩ፣ ቦት ከቻናል ያስወጣው ሰው እንደታገደ ነው የሚቆጠረው፣ በሊንኩ ተመልሶ አይገባም። እገዳውን ለሁሉም አንስቻለሁ። ነገር ግን ቦት ሰውን ራሱ መልሶ ማስገባት አይችልም፤ ቀድሞ «ስታርት» ላላለው ሰውም መልእክት መላክ አይችልም። ስለዚህ እነዚያ ሁሉ ልጆች መመለስ እንደሚችሉ የሚያውቁት ሰው ሲነግራቸው ነው። የኔ ክፍል ለሆኑት ነግሬያለሁ። ከሌላ ትምህርት ቤት የገቡትን ግን በመልክም አላውቃቸውም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ያለ ታናሽ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁልኝ። ሊንኩ የበፊቱ ነው። ስልኩ የወንድምም ይሁን የጎረቤት ግድ የለም። በተኗን አጥፍቻታለሁ።