ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆነ እንጂ ባለቤት አጣ እንዴ?

አገሬ ላስታ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ላሊበላ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ቤተ ማርያምን ተሳለምኩ። ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ፊደል ወደ ቆጠርኩበት ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ጦሱ የሚተርፈው ለዘበኛው ነው። ደግሞስ ዛሬ በአማራ ክልል የእሱ ዕጣ የደረሰው ስንትና ስንት ትምህርት ቤት አለና፣ አንባቢ የሚያውቀውን ስም ይሙላበት።

ግቢውን ሣር ወርሶታል። ለደወልነት የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ እዚያው ዛፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ የሚመታው ግን የለም። ሽማግሌውን ዘበኛ «አባባ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሁሉም እየመጣ ይለካል» አሉኝ። «አንዱ ለወታደር ይሁን ይላል። አንዱ መጋዘን ይሁን ይላል። አንዱ ተፈናቃይ ይግባበት ይላል። ባለገንዘቡ ደግሞ ቦታው ለሆቴል ነበር የሚያምረው ይላል። ልጆቹ መቼ ይመለሳሉ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አንድም የለም።»

እኔም ብዕሬን ያነሳሁት ሽማግሌው ያጧትን ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ለመሆኑ ማን ባዶ አደረገው?

«ባዶ ሕንፃ» ሲባል እኮ ሰው ትቶት የሄደ፣ ፈላጊ ያጣ ይመስላል። ውሸት ነው! በ2012 ዓ.ም. መስከረም አንደኛ ክፍል የገባ አንድ የላስታ ልጅ አስቡ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ መጋቢት ላይ፣ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። 2014 ዓ.ም. ሲጠባ ከተማዋ በእነሱ እጅ ነበረች፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስም አንዴ ስትለቀቅ አንዴ ስትያዝ ከረመች። ሕዝቡ «እፎይ» ሳይል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያው ፈነዳ። ላሊበላም እንደገና የተኩስ ከተማ ሆነች።

ይህ ልጅ ሳይቋረጥ የተማረው ዓመት በጣት የሚቆጠር ነው። እሱ ታዲያ ትምህርት ቤቱን ተወው ወይስ ተነጠቀ? በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተናግሯል። አራት ሚሊዮን! ይህን ያህል ባለቤት ያለውን ቤት ነው እንግዲህ «ባዶ» የምትሉን። የአገራችን ሰው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

«ለጊዜው» የምትባል ቃል

ሹማምንቱ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ለጊዜው ነው»። እኔ ይህችን ቃል እፈራታለሁ። በአገራችን እንደ «ለጊዜው» ዕድሜ የሚጠግብ ነገር የለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለስድስት ወር ነው ተባለ፤ ስድስቱ ወር ሲሞላ አራት ወር ተጨመረበት። አዋጁ አበቃ፤ ተኩሱ ግን አላበቃም። ለጊዜው ካምፕ የሆነ ትምህርት ቤትስ መቼ ነው ተመልሶ ትምህርት ቤት የሚሆነው?

ወታደር የገባበት ክፍል ወታደሩ ሲወጣ እንደነበረ አይገኝም። ዴስኩ ማገዶ ይሆናል። ግቢው ምሽግ ይቆፈርበታል። ያልፈነዳ ነገር ሣር ውስጥ ይቀራል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ካምፕ የሆነ ግቢ የጥይት ዒላማ መሆኑ ነው። የትኛዋ እናት ናት ትናንት የተተኮሰበት ግቢ ውስጥ ልጇን ዛሬ የምትሰድ? የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እኮ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤትን ማጥቃትን የሚያወግዝ፣ ትምህርት ቤት ለጦር አገልግሎት መዋሉም የልጆችን ትምህርት እንደሚጎዳ የሚያሳስብ ቁጥር 2601 የተባለ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳልፏል። የኒውዮርኩ ይቅር፤ የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በሕፃናት ጉዳይ ላይ ሲወሰን የሕፃኑ ጥቅም በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። በዚያ አጥር ዙሪያ ሜትር ይዞ የሚዞረው ሹም ይህን አንቀጽ አንብቦት ያውቃል?

የሆቴሉን ነገር ደግሞ ተዉን! በላሊበላ የተሠሩት ሆቴሎች ከኮሮና ወዲህ እንግዳ አጥተው ሲያዛጉ የከረሙ ናቸው። የጎደለን አልጋ ነው እንዴ? ደግሞም ቱሪስቱ ሰላም ወርዶ ሲመለስ ፍልፍል ድንጋዩን አይቶ ብቻ አይሄድም፤ ታሪኩን በቋንቋው የሚነግረው አስጎብኚ ይፈልጋል። የላሊበላ እንጀራ የሚጋገረው በአስጎብኚ አፍ ነው። አስጎብኚው የተገኘው ደግሞ ከዚያው ከትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱን ሽጦ ሆቴል የሚሠራ፣ ላሟን አርዶ የወተት ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው።

በተፈናቃዩ ጉዳይ ግን ምላሴ ይታሰራል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የእኛ የሰሜን ወሎ ሰው ሲሸሽ ያስጠለሉት የደሴ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ያን ውለታ የረሳ ሰው አይደለም። ስለዚህ ዝናብ ላይ ያለች አራስ ትግባ፤ ማን ይከለክላታል? ግን ቀን ይቆረጥለት። ግማሹ ክፍል ይማርበት፤ የተፈናቃዩም ልጅ እዚያው ይማር። መንግሥት ደግሞ ተፈናቃዩን ትምህርት ቤት ውስጥ አጉሮ «መጠለያ አዘጋጀሁ» እያለ አይፎክር። የድሃን ልጅ ክፍል ለሌላ ድሃ መስጠት ቸርነት አይደለም።

ድሮስ?

ዐፄ ኃይለ ሥላሴን የሚወድም የሚጠላም ይህን አይክድም፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ልክ የዛሬ ዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ መኳንንት ተረሽነውበታል። ደም የፈሰሰበት ቤት የተማሪ ቤት ሆነ። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ የተማሪው ቤት ደም የሚፈስበት ሊሆን ነው። ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነበት አገር፣ ትምህርት ቤት ካምፕ ወደሚሆንበት አገር እንዴት ደረስን?

ከተሠራበት ድንጋይና ጉልበትም ብንነሳ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሹም ከኪሱ ያዋጣው ነገር የለም። የላስታ ገበሬ ድንጋይ ፈልጦ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ ከበጉ ዋጋ ቀንሶ ነው ትምህርት ቤት የሚያሠራው። ያዋጣ ሰው ሳይጠየቅ ያላዋጣ ይወስናል! በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ያለፉት 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል «የትምህርት ጥራት» እያሉ ሲያለቅሱ የነበሩትም እነዚሁ ሹማምንት ናቸው።

ጫካ ላላችሁትም

ብዕሬ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይተኩስም። ጠመንጃ አንስታችሁ «ለአማራ ሕዝብ ነው የምንታገለው» የምትሉ ወንድሞቼ፣ መምህር እየዛታችሁበት፣ ትምህርት አይጀመር እያላችሁ ለየትኛው አማራ ነው የምትታገሉት? መንግሥትን የሚጎዳ መስሏችሁ የዘጋችሁት ክፍል የባለሥልጣን ልጅ የሚማርበት አይደለም። የባለሥልጣን ልጅ የሚማርበትን እናንተም ታውቁታላችሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ እናንተ የዘጋችሁትን ነው ሌላው «ባዶ ነው» ብሎ የሚረከበው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

የእኔ ቃል አጭር ነው። ቁልፉ ከሹምም ከታጣቂም ኪስ ይውጣና ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች ይሰጥ። የየትኛውም ወገን ጠመንጃ አጥሩን አይለፍ። ቦታው በሊዝም ሆነ በስጦታ ለማንም አይተላለፍ። የመምህሩ ደሞዝ አይቆራረጥ። ሙሉ ትምህርት ካልተቻለ በሁለት ክፍል፣ በሠላሳ ልጅ ይጀመር፤ ያመለጣቸውን የሚያካክስ ትምህርት ይሰጥ። በላስታ ደብሮች ዙሪያ የቆሎ ተማሪው ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ተኮራምቶ ዳዊት ሲደግም ኖሯል። እሱ ያለ ሕንፃ ከተማረ፣ ሕንፃ ያለው ልጅ የማይማርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስወጣ ዘበኛው እስከ በሩ ሸኙኝ። «ልጄ፣ የምትጽፍ ከሆነ ይህን ጨምርልኝ» አሉ። «ቸርኬውን ለቁራሌው ሽጠው ያሉኝም ነበሩ። አልሸጥኩም። ልጆቹ ሲመጡ በምን እጠራቸዋለሁ?»

ጨምሬያለሁ አባባ። ሹማምንቱም ያንብቡት።