ፍጥነት ብቻውን ዕጣ አያወጣም

እኛ በኮምቦልቻ የምንማር በአሴምብሊ ቋንቋ የዕጣ ቁጥር አውጪ ስንጽፍ «የማን ፈጠነ?» እንባባላለን፤ «የማን አያዳላም?» የምንል ግን ጥቂቶች ነን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተስፋፋው ራንዱ የተባለው አውጪ በ65539 ማባዛቱን ቢቶችን በመግፋትና በመደመር ስለሚያቃልለው ፈጣን ነበር፤ ዳሩ ግን ተከታታይ ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በጠፈር ላይ ሲነጠቡ ሁሉም በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ተሰልፈው ተገኙ።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የደሴ ወጣት ሳይቀር ተስፋውን የሚጥልበት የአሜሪካ ዲቪ ዕጣ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ተሰርዟል፤ በፕሮግራም ስሕተት ምክንያት፣ ወጣላችሁ ከተባሉት ከመቶ 90 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመዘገቡ ነበሩና።

ስለዚህ አስቀድመን እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደ ወጣ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል እንቁጠር፤ ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ ይለካ።