ስኒው ከመገልበጡ በፊት

ከሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታ ቦሌ የምታርፍ ኢትዮጵያዊት በአራት ሰዓት ገደማ በረራ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ትመለሳለች እየተባለ ይቀለዳል። የዘመን አቆጣጠራችን ነገር ነው። በዶሃና በአዲስ አበባ መካከል እኮ የአንዲት ደቂቃ ልዩነት እንኳ የለም፤ እዚህ ከጧቱ 6 ሲባል እዚያ 12 ሰዓት ይባላል እንጂ ቅጽበቱ ያው ነው።

እኔ ግን ቀልዱ የተገለበጠ ይመስለኛል። ወደ አገር ስንገባ የምናርፈው ነገ ላይ ነው። አቤሜሌክን አስቡት። በለሱን ይዞ ከዛፍ ሥር እንደተኛ 66 ዓመት አለፈ። ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፤ ከተማው ግን ሌላ፣ የሚያውቀው ሰውም የለም። ሙስሊም እህቶቻችን በጁምዓ ሱረቱል ከህፍን ሲቀሩ የዋሻውን ወጣቶች ያገኟቸዋል፤ 300 ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨምሮበት ተኝተው፣ የተኙት አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ መሰላቸው። እኛም ኮንትራት እያደስን ስድስት ሰባት ዓመት ቆይተን ስንገባ፣ አዝለነው የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በእንግዳ ዓይን ያየናል። የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ እዚያ ያደገች እህት አገሯ ገብታ መንገድ ትጠይቃለች።

ስለዚህ ነገን ለማየት ብንጓጓ አይፈረድብንም። እናቷ የታመመችባት፣ ወር ሙሉ ከግቢ ያልወጣች ልጅ «እስቲ ምን ይታይሻል?» ብላ ስኒዋን ብታቀርብ ይገባኛል። ጨዋታ እስከሆነ ድረስ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚያናድደኝ በቲክቶክና በኢሞ የሚመጣው ነው። «ስምሽንና የእናትሽን ስም ላኪ፣ ኮከብሽን ልቁጠር» ይላል። መጀመሪያ መንገድ አለሽ፣ ገንዘብ ይመጣልሻል። ቀጥሎ መተት ተደርጎብሻል። ያስደረገችብሽ ደግሞ ጠይም፣ የምትቀርብሽ ሴት ናት። እስቲ በሞቴ፣ ከመካከላችን ጠይም ጓደኛ የሌላት ማን ናት? ማፍረሻው በሐዋላ ይላካል። የወር ደሞዝ ሄደ፣ ጓደኛም ሄደች። ስትታመሚ ሾርባ ይዛ የምትመጣው ያቺው ጠይሟ ነበረች እኮ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በእኛ ቋንቋ፣ 16 ብር የማይሞላው ሪያል ከ27 ብር በላይ ሆነ። ዓመት ሙሉ በብር ያጠራቀመች እህት ጉዳቷን ታውቀዋለች። ኮከብ ቆጣሪው ይህን ቀድሞ ቢያይ ኖሮ የእኛን ሃምሳ ሪያል ባልለመነ! የማይታየውን ማንም አያየውም። የሚታየው ነገ ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በነፃ ይነበባል።

የት? የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ቁጥር 15፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት የሦስት ሳምንት ዕረፍት ይላል። ሥራ ስትጨርሺ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደሞዝ የአገልግሎት ክፍያ አለሽ። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው። በዚህ ብታሰቢው በዓመት 700 ሪያል፣ በአራት ዓመት 2,800 ሪያል ማለት ነው። ይህ ትንቢት አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

«ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፣ ማዳም መቼ ትሰጣለች?» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት አላችሁ፤ የምትከለክል አለች። ግን ሂሳቧን የማታውቅ ልጅ «ምንም የለሽም» ስትባል አምና ሻንጣዋን ትዘጋለች። የምታውቀው ግን የኮንትራቷን ፎቶና የደሞዟን ማስረጃ ይዛ ትጠይቃለች፤ እንቢ ካሏት ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ትሄዳለች። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። ሳይጠየቅ የመጣ ግን አላየሁም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። አርብ ተሰብስበን ቡና ስናፈላ፣ ስኒ ከመገልበጡ በፊት፣ በአቦሉ ላይ እያንዳንዷ የራሷን ነገ ትናገር። ፓስፖርቷ መቼ ያበቃል? ኢቃማዋስ? ኮንትራቷ የሚያልቀው መቼ ነው? ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ትጻፈው፤ የእኛ 2017 እና የእነሱ 2017 እየተምታታባቸው የሚቸገሩ አሉ። እስከዛሬ ያላት የአገልግሎት ክፍያ ስንት ደረሰ? መጻፍ ለማትችል አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት። ስልክ ይዘው መውጣት ለማይፈቀድላቸውም በወረቀት እንስጣቸው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእናቶች፦ ይህ ኮንትራት ሲያልቅ ልጅሽ ስንት ዓመት ይሞላዋል? አንድ ጊዜ ቢታደስስ? ሁለት ጊዜስ? ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ተናገሪው። ማደስ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት አለ። የምታድስ ግን ስንት ዓመት እንደምትከፍል አውቃ ታድስ። አቤሜሌክ ሲተኛ 66 ዓመት እንደሚያልፍ የነገረው አልነበረም። ለእኛ ግን ቀኑ ኮንትራቱ ላይ ተጽፎልናል።

ከዚያ በኋላ ስኒ መገልበጥ የምትፈልግ ትገልብጥ፤ እንስቃለን።